ወር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት

ስኩዌር ሩት ለማውጣት ሦስት ሌሊት ለፋሁ፣
ገምቼ አካፍዬ፣ አካፍዬ ገመትሁ።
መምህር ደርበው አየና ከንፈሩን ነከሰ፤
"ከቋንቋው ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ ለምን ትደክሚያለሽ?
አንድ መስመር ጽፈሽ አስመጪው፣
ከዚያ በስሙ ጥሪው።"

ማታ ለአባቴ ነገርኩት፣ ቆርቆሮ እየቆጠረ።
"ታዲያ እኔስ ምስማር እቀጠቅጣለሁ?" አለ፣
"ከኮምቦልቻ አስመጣለሁ እንጂ።
ሰው በሠራው መጠቀም ስንፍና አይደለም፣
ካርቶኑን ሳይከፍቱ መሸጥ ነው ስንፍና።"

ሱቃችን ሰኞ ገበያ መውረጃው ላይ ነው፣
ጦሳ ጉሙን ሲለቀው ሚዛኑ አይታይም።
የዱቤ መዝገቡ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤
ጀርባው በፕላስተር ታስሯል።
"ዓይኔ ደከመ" አለኝ፣ "ኮምፒውተርሽ ውስጥ አስገቢልኝ።"

"የአረፋ ማግስት፣ ሁለት ኪሎ ምስማር፣ እንድሪስ።"
"ለጊሸን ሲወጡ፣ አንድ ጋሎን ቀለም፣ የጋሻው ልጅ።"
አረፋ በጨረቃ፣ ጊሸን በፀሐይ፣
ማሽኑ በፈረንጅ።
እኔ መሐል ቆሜ ሦስቱን አስታርቃለሁ።

ከዚያ ይህቺ መስመር፦
"ጳጉሜ ፫ ቀን ፳፻፫፣ ዘሀራ ሙሄ፣ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ።"
አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ሰጠሁት፤
በቀይ ተቆጣኝ፦
ወር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት መሆን አለበት።

"ምን ይላል?"
"ጳጉሜ የለም ይላል።"
"ዘሀራ ቆርቆሮውን ወስዳ ቤቷን ከድናለች።
ጳጉሜማ ነበረ።"

የጳጉሜን ራሴ ጻፍኩት፣
ለአራት ተካፍሎ ሦስት ለሚተርፈው ዓመት ስድስት ቀን ሰጥቼ።
ማጠፊያ ሊገዙ የቆሙት መሪጌታ ጥዑም
"ሉቃስ ነዋ!" አሉኝ ጣታቸውን እንኳ ሳያጥፉ።
እሳቸውን ደግሞ ማን አስመጣቸው?

ከዚህ ወዲያ ላይብረሪው ሠራ፣ አልዋሽበትም፤
ከኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ያን ቀን ቢቀንስ፦
አራት ሺህ ስምንት መቶ ሃያ ሦስት።
ዓይን ሳይርገበገብ።

አባቴ ቁጥሩን ዝም ብሎ አየው።
"ሱቁ ያልተከፈተበትን አውጪ።"
"የቱን?"
መዝገቡን ገለጠ። ከጥቅምት ሃያ ወዲህ ገጹ ነጭ ነው፤
ከዚያ ኅዳር መጨረሻ፣ በሌላ እስክሪብቶ፦
ምስማር። ምስማር። ማጠፊያ። የበር ቁልፍ።
የበር ቁልፍ። የበር ቁልፍ።
"ሰው በሩን ደግፎ ባደረበት ቀን ዕዳ አይቆጠርም።"
ይህን የሚያውቅ ተግባር ሰነዱ ውስጥ ፈለግኩ፣ አጣሁ፤
ሠላሳ ስምንት ብዬ በእጄ ጽፌ ቀነስኩ።

ቀሪው ሦስት መቶ አርባ ሁለት ብር ከሰባ አምስት።
ማጠጋጊያውን ብጠራው አርባ ሦስት አለኝ።
"ወደ ላይ? በዘሀራ ላይ?"
"ወደ ታች የሚያወርድም አለ፣ ወለል ይሉታል።"
"እሱን ጥሪው።"
አርባ ሁለት።
"አሁንም አውርጂው።"
"አባ፣ ከዚህ በታች አያውቅም።"
"ወለል መሬት አይደል እንዴ?
መሬት እስኪነካ አውርጂው።"

ዜሮዋንም በእጄ ጻፍኳት።

ትናንት ዘሀራ መጣች፣ ነጠላዋ ርሷል፣
ሩብ ኪሎ የጣሪያ ምስማር፣ ባለ ቆቡን።
"በዱቤ ነው" አለች፣ ወደ መሬት እያየች።
ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ቀኑን ሊጽፍ ጠቋሚው ብልጭ ይላል።
አባቴ ግን ቀደመኝ፣
እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ መዝገቡ ላይ
"ጉም የወረደ ለት" ብሎ ጻፈ።